ያልቀመስኩት የእትዬ ዘሀራ ሃጊስ

እትዬ ዘሀራ መሞታቸውን የሰማሁት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ሳጥፍ ነው። በምኖርበት በሮግስቬድ ሕንፃ ምድር ቤት ያለውን ማጠቢያ ለማግኘት ወረፋው ብዙ ስለሆነ፣ ተራዬ ሲደርስ ማንም ቢደውል አላነሳም። ያን ቀን ግን ስልኬ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሙሉ የምትባል ቴንስታ የምትኖር ጓደኛዬ ናት።

"አስቴር፣ ያቺ አብራሽ ትሠራ የነበረችው የወሎ ሴትዮ፣ ዘሀራ የምትባለው፣ አርፋለች። ትናንት ተቀበረች አሉ" አለችኝ። "አንቺ በደንብ ታውቂያት ነበር አይደል?"

"አዎ" አልኳት። ያጠፍኩትን አንሶላ መልሼ ዘረጋሁትና እንደገና አጠፍኩት።

ታውቂያት ነበር ወይ ትለኛለች! አራት ዓመት ሙሉ ከጎናቸው ቆሜ ድንች ልጫለሁ። እዚሁ ደቡብ ስቶክሆልም፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ነበር የምንሠራው። እኔ በእግሬ አሥር ደቂቃ ነው። እሳቸው ከቴንስታ በሰማያዊው ባቡር መሀል ከተማ፣ ከዚያ በአረንጓዴው ወደኛ ይመጣሉ፤ እንዲያም ሆኖ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እኔ ዓይኔን እያሸሁ ስገባ ውሃው ተጥዶ፣ አጃው ተለክቶ ይጠብቀኛል። "ተኝተሽ ስታረፍጂ እኔ ስዊድንን አቋርጬ መጣሁ" ይሉኛል። ሌላ የጠዋት ሰላምታ አልነበራቸውም።

ቀጭን፣ አጠር ያሉ የደሴ ሴት ነበሩ። የሥራ ልብሱ እጅጌ ስለሚረዝምባቸው በልብስ መቆንጠጫ ወደ ላይ ይይዙታል፤ ግራው ቀይ፣ ቀኙ ቢጫ። አለቃችን ማሊን "ወጥ ውስጥ ይገባል" ብላ ስንት ጊዜ ተቆጣች። "እሺ" ይሏታል፣ በማግስቱ መቆንጠጫው እዚያው ነው። ድስት ሲከፍቱም ሲከድኑም "ቢስሚላህ" ይላሉ። የአሳማ ሥጋ ቀን ብቻ አፋቸውን ግጥም ያደርጋሉ። እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አሳማ በአፌ አይዞርም፤ ስለዚህ ሁለታችንም ጓንት ደርበን፣ ፊታችንን አዙረን፣ ጨዉን በግምት ጥለን ነበር የምንሠራው። ታዲያ ሽማግሌዎቹ ከሳምንቱ ምግብ ሁሉ አብልጠው የሚያመሰግኑት እሱን ነው። "አየሽ፣ የማንቀምሰው ሲሆን እጃችን ይጣፍጣል!" እያሉ ይስቁ ነበር።

ምሳ ሲያልቅ ሳህን ለመሰብሰብ ማንንም አይልኩም፣ ራሳቸው ይወጣሉ። የሰውን ፊት አያዩም፤ ሳህኑን ነው የሚያዩት። "ፊት ይዋሻል፣ 'ጥሩ ነበር፣ አመሰግናለሁ' ይልሻል። የተረፈውን እዪ" ይሉኛል። ማን ጥርሱን እንዳመመው፣ ማን ልጁ እንደቀረችበት፣ ማን ሊሞት እንደተሰናዳ ከሳህን ላይ ያነቡ ነበር። እውነቴን ነው፣ ነርሶቹ ሳያውቁ እሳቸው ያውቁ ነበር።

ሥጋ ግን አንዳችን የሌላችንን አንበላም። ይሄንን የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ በቢስሚላህ የታረደውን ክርስቲያን አይቀምስም፣ በስመ አብ ተብሎ የታረደውን እስላም አይነካም። እሳቸው እንዳጫወቱኝ ወሎ ላይ ሠርግ ሲኖር ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ድስት ይጣዳል፣ ከዚያ አንድ ላይ ሲጨፈር ይታደራል። እኛም እንደዚያው ነበርን። ሽሮውን፣ ጎመኑን፣ ምስሩን ከአንድ ሳህን እንበላለን። ሥጋ ያለበት ዕቃ ይዘው የመጡ ቀን ግን ማቀዝቀዣው ውስጥ ከኔ ዕቃ በታች፣ ለብቻው ያስቀምጡታል። "እንዳይንጠባጠብብሽ ነው። ሃይማኖትሽን እኔ አላስነካም" ይሉኝ ነበር።

እንግዲህ ማሊን። ማሊን ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ ይሄንን ስጽፍ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አልነበረችም። ስለ ጥጃ ስታወራ ዕንባዋ የሚመጣ፣ ለአንዲት ንብ መስኮት የምትከፍት ሴት ናት። እሷ በመጣች በሁለተኛው ዓመት ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ "በጎ ሳህን" የሚል ትልቅ ወረቀት ተለጠፈ። ለእንስሳ፣ ለምድርና ለሕሊና የሚስማማ ምግብ ማለት ነው አለችን። ሥጋ በሳምንት አንድ ቀን ሆነ፤ እሱም ከደረቱ የተቆረጠ፣ አጥንት የሌለው፣ ከየትኛው እንስሳ እንደመጣ የማይታወቅ ነጭ ነገር። ጉበት፣ ምላስ፣ ልብ ከዝርዝሩ ተሰረዘ። እነሱ ያስጠላሉ ተባለ።

እትዬ ወረቀቱን እኔ ተርጉሜላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙ። "ሥጋ አልበላም ብትል አከብራታለሁ" አሉ። "አንቺስ ስንት ወር ትጾሚ የለ? እሷ ግን ደረቱን ታዛለች። የቀረው በግ የት ሄደ? ልቡስ? ጨጓራውስ? አባቴ በግ ሊያርድ ሲል ቢላውን ከኋላው ይደብቅ ነበር፤ በጉ አይቶ እንዳይደነግጥ። ካረደ በኋላ ግን ከፈርሱ በቀር አንድ ነገር ብንጥል ይገርፈን ነበር። ነፍስ አጥፍቶ ግማሹን መጣል ነው ነውሩ!" ማሊን ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። "ጥሩ ሐሳብ ነው ይላሉ" አልኳት። ማስማማት እወዳለሁ፣ ምን ላድርግ። የማንንም ቃል ስተረጉም ማር እቀባዋለሁ።

በዚያው ክረምት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ኢያን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሽማግሌ ነበር። በወጣትነቱ መርከብ ላይ ሲሠራ ስዊድናዊት አግብቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጅ የለውም። የመርሳት በሽታ ሲጀምረው መጀመሪያ የጠፋበት ስዊድንኛው ነው። ቀጥሎ መብላት ተወ። ሳህኑ እንደሄደ ይመለሳል፤ እትዬ ሳህኑን እያዩ "ይሄ ሰው እየሄደ ነው" ይሉኛል። አንድ ቀን እንግሊዝኛ እሞክራለሁና ምን ልሥራልህ ብዬ እንድጠይቀው ላኩኝ።

"ሃጊስ" አለኝ። ምንድን ነው ስለው በእጁ አሳየኝ፤ አንድ ክብ ነገር እንደ ሕፃን አቀፈ፣ ሆዱን መታ መታ አደረገ፣ በጣቶቹ ሰፋ። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ፣ ከአጃ፣ ከሞራና ከሽንኩርት ጋር በበግ ጨጓራ ውስጥ ተሰፍቶ ይቀቀላል። በጥር ወር እናቱ ትሠራላቸው ነበር። ይሄን ለእትዬ ስነግራቸው መጀመሪያ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ቀጥሎ በሳቅ ፍርፍር አሉ።

"ይሄ ሰውዬ በስልቻ ለታሰረ ዱለት ነው እንዴ በረሃብ የሚሞተው! ምነው እስከ ዛሬ አልተናገረ?"

ማሊን ስትሰማ ደስ አላት፣ እውነት ነው። አሁን እዚያው ስኮትላንድም ከአትክልት የሚሠራ ሃጊስ አለ አለችና ራሷ ቆማ በምስር፣ በእንጉዳይና በአጃ ሠራችው። በገዛ እጇ ወስዳ አቀረበችለት። ኢያን አንድ ማንኪያ ጎረሰ። ትንሽ ያዘው፣ ከዚያ ጨዋ ሰው ነውና በናፕኪን ቀስ አድርጎ አወጣው። "ደግ ነሽ" አላት፤ "ግን እሱ አይደለም።" የቀረው ወደ ባልዲው ተገለበጠ። እትዬ ባልዲው ላይ ጎንበስ ብለው አዩትና፣ "ምስር ምን አጠፋ?" አሉ። "ምስርን ምስር ብላ ብትሰጠው እኮ የከበረ እህል ነው። የበግ ስም አልብሳ ምስሩንም በጉንም አዋረደችው።" ይሄንንም ማሊን ጠየቀችኝ፤ "ይጣፍጣል ይላሉ" አልኳት።

በሳምንቱ ቅዳሜ እትዬ ዕረፍት ነበሩ። እኔ ተጠርቼ ገብቻለሁ። ያን ጊዜ ቋሚ ሠራተኛ አልነበርኩም፤ ጠዋት በስልክ መልእክት ካልጠሩኝ ያን ቀን ሥራ የለኝም። ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተና እትዬ ዘሀራ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት እንደ ልጅ አቅፈው ገቡ። ሁለት ባቡር ነው ይዘውት የመጡት። ጨጓራውን ቴንስታ ካለው ሥጋ ቤት አምጥተው ሁለት ቀን በሎሚና በጨው ሲያጥቡት፣ በቢላ ጀርባ ሲፍቁት ከርመዋል። ሳንባ አይሸጥም ተብለው በምትኩ ጉበት ጨምረዋል። በነጭ ክር ሰፍተውታል። ስፌቱ፣ አቤት ስፌቱ! የሙሽራ ቀሚስ ይመስላል።

"የቤት ምግብ ማስገባት ክልክል ነው እኮ እትዬ" አልኳቸው።

"ለመኖሪያ ቤቱ አላመጣሁም። ለኢያን ነው ያመጣሁት። እንግዳ ሆኜ መጥቻለሁ፣ ዛሬ ሥራ ላይ አይደለሁም" አሉና አለፉኝ።

ኢያን ፊት ቀርቦ በቢላ ሲከፈት እንፋሎቱ ወጣ። ሽማግሌው አፍንጫውን ወደ ሳህኑ አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በላ። ወሩን ሙሉ ያልበላ ሰው፣ ሹካውን ጥሎ በማንኪያ በላ። ዕንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል፤ እሱን አይጠርግም፣ አፉን ብቻ ይጠርጋል። እትዬ ከፊቱ ቁጭ ብለው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሳህኑን ያያሉ። ሊጨርስ ሲል የቀረውን ወደኔ ገፋና "ቅመሺ፣ ቅመሺ" አለኝ።

ቅዳሜ ነበር። ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ጾም ነው ብዬ እገላገል ነበር። እኔ ስደናገር እትዬ ቀድመው እጄን ያዙ። "ተወት አድርገው፣ እሷ የኛን አትበላም" አሉት በአማርኛ፣ እሱ ይስማው አይስማው ሳይገዳቸው። ከዚያ ከዘንቢላቸው አንድ ትንሽ ዕቃ አወጡልኝ። ምስር ወጥ ነበር። "ይሄ ያንቺ ነው። ሥጋ ባልነካው ድስት ነው የሠራሁት፣ አትጠራጠሪ" አሉኝ። በላሁት። ሦስታችንም ደስ ብሎን ነበር፤ አንዲት ነርስ በበሩ አለፍ ስትል አይታን ፈገግ ብላለች።

ማክሰኞ ኢያን አስታወከ። በዚህ አገር በክረምት ከቤት ቤት የሚዞር የማስታወክ በሽታ አለ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከኢያን በፊት አራት ሰዎች ታመው ነበር፤ አንዳቸውም ያንን ድስት በዓይናቸው አላዩም። ግን "ከቤት የመጣ ሥጋ፣ ያውም ጨጓራ" የሚለው ወሬ ከበሽታው ፈጠነ። ሐሙስ ማሊን ቢሮዋ ጠራችኝ።

ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ወረቀት ነበር። አንደኛውን ወደኔ አዞረችው፤ የቋሚ ቅጥር ውል ነው፣ ስሜ ተጽፎበታል። አራት ዓመት የጠበቅኩት ወረቀት። "በሚቀጥለው ወር ይጀምራል፣ እንኳን ደስ አለሽ" አለችኝ። ሁለተኛው ባዶ ነበር።

"ቅዳሜ አንቺ እዚያ ነበርሽ" አለች። "ቅመሺ ብለውሽ ነበር?"

"አዎ።"

"በላሽ?"

"አልበላሁም።"

ማሊን እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና በሐዘን አየችኝ። "ገባኝ" አለች። "የአገሯ ልጅ ሆነሽ፣ አብረሻት የምትሠሪ ሆነሽ፣ አንቺ እንኳን አላመንሽውም። መናገሩ እንደሚከብድሽ ይገባኛል።"

ምን ገባት? ምንም አልገባትም! ይሄኔ ነበር መናገር። "ኧረ በፍጹም፣ እንደሳቸው እጅ ንጹሕ የለም፤ እኔ ያልበላሁት የእስላም ሥጋ ስለሆነ ነው" ማለት ነበረብኝ። ግን ይሄ በስዊድንኛ ሲነገር ምን እንደሚመስል በጭንቅላቴ ሰማሁት። ከዚያች "በጎ ሳህን" ከምትል ሴት ፊት፣ እስላም የሚጠላ ሰው ልመስል ነው። ወሎን፣ ሁለቱን ድስት፣ አንዱን ጭፈራ በየትኛው ቃል ላስረዳት? ውሉ ደግሞ እጄ አጠገብ ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማሊን ጻፈች። የቤት ምግብ አምጥተዋል፤ የሥራ ባልደረባቸው ሊቀምሱት አልደፈሩም። እኔ ፈረምኩ። ቀጥዬ ሌላውንም ፈረምኩ፤ በዚያው እስክሪብቶ።

እትዬን ከወጥ ቤት አውጥተው ሌላ ሕንፃ ላይ ጽዳት መደቧቸው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ነበር የቀራቸው። የመጨረሻ ቀን ልብስ መቀየሪያው ክፍል አገኘኋቸው፤ መቆንጠጫዎቹን ከእጅጌያቸው እየፈቱ ነበር።

"'አልበላሁም' ብላ ፈርማለች አሉኝ" አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። "እውነትሽን ነው። አልበላሽም። አትበላም ያልኩትም እኔ ነኝ።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ..."

"ለምን እንዳልበላሽ ግን አልነገርሻቸውም።"

መቆንጠጫዎቹን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ወጡ። ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ እንዴት በተሻለኝ። አዲሱ ሥራ ላይ አንድ ወር ቆይተው እንደተዉት ከሰው ሰማሁ። ኢያን ከሕመሙ በሦስት ቀን ዳነ፣ ግን መብላቱን መልሶ ተወ። በጠርሙስ የሚመጣ ጣፋጭ መጠጥ ያጠጡት ነበር። ጸደይ ሳይገባ ሞተ። እኔ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ፣ እስካሁንም እዚያው ነኝ፤ የአሳማውን ቀን አሁን ብቻዬን ነው የምሠራው።

ሦስት ዓመት ሙሉ አልደወልኩም። ቴንስታ ለሌላ ጉዳይ ስሄድ እንኳ ከባቡር ወርጄ አንገቴን አቀርቅሬ ነበር የምሄደው። ለቅሶ ግን አይቀርም፣ ሄድኩ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። የበኩር ልጃቸው ሀያት በር ላይ ተቀበለችኝ። እዚህ ያደገች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በስዊድንኛ ነው። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየችና ወደ አንድ ጥግ ወስዳ አስቀመጠችኝ። ክርስቲያን መሆኔን እንጂ ማንነቴን አታውቅም።

ሳህን አመጣችልኝ። ምስር ነው። ከበስተኋላዋ ወጥ ቤቱ በር ክፍት ነበርና ድስቱን አየሁት። ክዳኑ ጆሮ ላይ ቀይ የልብስ መቆንጠጫ ተሰክቶበታል።

"እናቴ ናት ያደረገችው" አለችኝ ዓይኔን ተከትላ። "ያ ድስት ሥጋ ነክቶ አያውቅም። ክርስቲያን እንግዳ ሲመጣ በሱ ብቻ ሥሩ ብላ ነው የሞተችው። ማንም ሳይበላ ከቤቴ እንዳይወጣ ብላለች።"

"ሥጋውን ስጪኝ" አልኳት። "ከናንተው ድስት እበላለሁ።" ልጅቷ ግራ ገባት። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ የወሎ እናት ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "ተይ ልጄ፣ ሐዘን ነው እንዲህ የሚያደርግሽ። ዘሀራ ብትኖር አትፈቅድልሽም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያጠፋሁትን በአንድ ጉርሻ ላወራርድ ነበር የፈለግኩት፣ እሱም ተከለከልኩ። ምስሩን በላሁ። ያው የዚያ ቅዳሜ ቅመም ነው።

ሀያት አጠገቤ ተቀመጠች። "ከሥራ ነው የምትተዋወቁት?" አለችኝ።

"አዎ። ወጥ ቤት አብረን ነበርን።"

"ታዲያ አንቺ ታውቂ ይሆናል። ሁለት ዓመት ሲቀራት ለምን ሥራ እንደተወች ነግራን አታውቅም። ስንት ጊዜ ጠየቅኳት። 'ደከመኝ' ብቻ ነው የምትለኝ። እናቴ ደክሟት አታውቅም እኮ።" ዓይኗ የእናቷ ዓይን ነው፤ ፊቴን ትታ ሳህኔን ታያለች።

ሦስት ዓመት ሙሉ ስሜን ለገዛ ልጃቸው እንኳ አልጠሩም።

"ደክሟቸው ነው" አልኳት። "ሥራው ከባድ ነው።"

አመሰገነችኝና ምስር ጨመረችልኝ። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ፣ ባቡር ተሳፈርኩ፣ እስከ ሮግስቬድ ድረስ አፌ ውስጥ የምስሩ ጣዕም ነበር። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው የኔን ዝምታ አላየም። ይኸው አሁን ሁሉንም ጻፍኩት፤ ጨጓራውን፣ ምስሩን፣ ያልበላሁትንና የፈረምኩትን፣ የሳቸውንም ስም የኔንም ስም ሳልደብቅ። ጎበዝ ነሽ፣ በመጨረሻ ተናገርሽ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ለሀያት እልክላታለሁ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ሀያት አማርኛ ማንበብ እንደማትችል ግን ስጀምርም አውቅ ነበር።